ስለ በግና ፍየል ደም ምርመራ፤ ስለ ንጹሕ ፀረ እንግዳ አካልም አስፈላጊነት

አገርን ለማስተዳደር የተሾማችሁ፥ መሬትና ከብትም ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤

ከላስታ ደጋና ከተከዜ ቆላ ወደ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ የሚነዳውን መንጋ ያየ ሰው፥ የዚያ አገር ኑሮ በምን ላይ እንደ ቆመ ወዲያው ያስተውላል። እርሻው ገደላማ፥ አፈሩ የሳሳ፥ ዝናሙም የማይታመን ስለ ሆነ፥ ገበሬው ገብሱ ባልበቃው ዓመት ፍየሉን ሸጦ እህል ይገዛል፤ በጉን ሸጦ ግብሩን ይከፍላል፥ ልጁንም ያስተምራል። በግና ፍየል ለላስታ ሰው የሚራመድ ጎተራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ ይህን ጎተራ የሚያራቁት በሽታ በመጣ ጊዜ ጉዳቱ የአንድ ባለ ከብት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወረዳውን በሙሉ ያስርበዋል።

ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ግን ስለ በሽታው ብቻ ለመናገር አይደለም። በሽታው መኖሩንና አለመኖሩን በእርግጥ ስለሚያሳውቀው ስለ ደም ምርመራ፥ ለምርመራውም መሣሪያ ስለሚሆኑት ስለ ንጹሕ ፀረ እንግዳ አካልና ስለ ንጹሕ ፕሮቲን ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሊቃውንት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የሥራው እኩሌታ በላቦራቶሪ የሚፈጸም ሲሆን፥ እኩሌታው በእናንተ በሹማምንቱና በባለ ከብቶቹ እጅ ያለ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ያለፈውን ማስታወስ ይገባል። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው መከራ የተነሣው ከከብት እልቂት ነው። ኢጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋራ የመጣው፥ ስሙ ደስታ ግብሩ ግን ኀዘን የሆነው በሽታ፥ ከሰሜን ተነሥቶ አገሩን እያዳረሰ በጥቂት ጊዜ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀው። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ድርቅና አንበጣ ታከለበት፤ ጽኑ ረኃብም ተከተለ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ለባለ ከብቱ መከላከያ የሚሆን ክትባት አልነበረም፤ በሽታው በየት እንዳለና በየት እንደሌለ የሚነግረው ምርመራም አልነበረም።

ሕዝባችን በዚህ መከራ ሳለ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890፥ በበርሊን ከተማ ኤሚል ፎን ቤህሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ አንድ ታላቅ ነገር አስታወቁ። በሽታ እንዲቋቋም ከተደረገ እንስሳ የተቀዳ የደም ውሃ፥ ወደ ሌላ እንስሳ ሲገባ ያንን ሌላውን ከመርዝ እንደሚያድን በምርመራ አረጋገጡ። ከ7 ዓመት በኋላ በ1897 ኮሌና ተርነር የተባሉ ሐኪሞች በደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ብልሃት በደስታ በሽታ ላይ ሞከሩት፤ ከበሽታው የዳኑትን ከብቶች ደጋግመው በተውሳኩ እየወጉ፥ ደማቸው መከላከያ በበዛበት ጊዜ እየቀዱ ለሌሎቹ ሰጡ። ቆይቶም በአሥመራ እንዲህ ያለ የደም ውሃ የሚሠራበት ቤት ተቋቁሞ ነበር።

ይህ የደም ውሃ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ልግለጥ። ደም ከአካል ወጥቶ በብርጭቆ ውስጥ ሳይነቀነቅ ሲቀመጥ ይረጋል፤ ከረጋውም ብጫ የመሰለ ጠራ ያለ ውሃ ይለያል። አሬራ ሲሞቅ አይቡ ተሰብስቦ አጓቱ እንደሚለይ ማለት ነው። ይህ የደም አጓት በሊቃውንት አጠራር ሴረም ይባላል። በሽታ የያዘው ወይም ክትባት የተከተበ እንስሳ፥ አካሉ ለዚያው በሽታ የሚሆን ዘበኛ ያበጃል፤ ዘበኛውም በሴረሙ ውስጥ ይገኛል፤ ስሙም ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። እርሱም ከፕሮቲን ወገን ሲሆን መልኩ ሁለት ጣት እንዳለው መንሽ ነው፤ በሁለቱ ጣቶቹ ተውሳኩን ይይዛል፥ በእጀታውም ሌላውን የአካል ጦር ወደ ውጊያው ይጠራል።

እንግዲህ ሴረሙ እንዲሁ እንደ ተቀዳ ብዙ ጥቅም ቢኖረውም ብዙ ጉድለትም አለበት። በውስጡ ከዘበኛው በቀር ሌላ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ። የአንዱ እንስሳ ሴረም የሌላውን አይመስልም፤ እንስሳው ሲሞትም ያው ሴረም ደግሞ አይገኝም። ከሁሉም ይልቅ ዘበኞቹ ራሳቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ፥ አንዱን በሽታ ከዘመዱ ሳይለዩ ሁለቱን አንድ አድርገው ሊይዙ ይችላሉ። ለምርመራ የሚፈለገው ግን በእርግጥ አንዱን ብቻ የሚለይ ምስክር ነው። ስለዚህ ማጥራት አስፈለገ።

የላስታ ሰው ማጥራት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመጨመር አልተሠሩም፤ ከአንዱ ዐለት የማያስፈልገው ሁሉ ተፈልፍሎ ሲወጣ የሚያስፈልገው ቆሞ ቀረ። በላቦራቶሪም የሚሠራው ሥራ በዐሳቡ ይህን የመሰለ ነው። አስቀድሞ አሞኒየም ሰልፌት የሚባለው ጨው በመጠን ወደ ሴረሙ ሲጨመር፥ ፀረ እንግዳ አካሉ ከሌላው ተለይቶ እንደ አይብ ይቋጠራል፤ የቀረውም ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ የተቋጠረው ሟሙቶ፥ ፕሮቲን ኤ የሚባል ነገር በተለጠፈባቸው ጥቃቅን ፍሬዎች በተሞላ ቧንቧ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ፕሮቲን ኤ ከአንድ ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን የዘበኛውን እጀታ አጥብቆ የመያዝ ጠባይ አለው። ሌላው ሁሉ ታጥቦ ሲወርድ ፀረ እንግዳ አካሉ ብቻ በቧንቧው ይቀራል፤ ጥቂት ኮምጣጣ ውሃ ሲፈስበትም ይለቅቃል፤ ኮምጣጣው እንዳያበላሸው ወዲያው ይለዝባል። ይህ ሁሉ በቅዝቃዜና በጥንቃቄ የሚሠራ ነው፤ የቸኮለ ሠራተኛ ያበላሸዋል።

ነገር ግን እንዲህ የጠራው እንኳ የብዙ ዓይነት ዘበኞች ጉባኤ ነው። አንድ ዓይነት ብቻ ለማግኘት የተቻለው በፈረንጆች 1975 ነው። ጆርጅ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ሆነው፥ ከተከተበች አይጥ ጣፊያ ዘበኛ የሚያበጀውን ሕዋስ አወጡ፤ ያንንም መሞትን ከማያውቅ የካንሰር ሕዋስ ጋራ አዋሐዱት። ከሁለቱ የተወለደው ሕዋስ ከአንዱ ወላጁ ዘበኛ የማበጀትን ጥበብ፥ ከሁለተኛው ሳያቋርጡ መባዛትን ወረሰ። ከአንድ እንዲህ ካለ ሕዋስ የተባዛው ዘር ሁሉ የሚያመነጨው አንድና ያው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ዛሬ የተሠራው ከ20 ዓመት በኋላ ከሚሠራው አይለይም። ስለዚህም ሥራ ሁለቱ ሊቃውንት በ1984 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ይህ ለኢትዮጵያ ባላገር ምን አደረገለት ብትሉ፥ የደስታ በሽታ ታሪክ ይመልሳል። ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሆኖ ጥሩ ክትባት ካገኘ በኋላ፥ በአገራችንም በደብረ ዘይት (በዛሬው ቢሾፍቱ) ብሔራዊው የእንስሳት ክትባት ተቋም በ1956 ዓ.ም. ተመሥርቶ ክትባቱን ይሠራ ጀመር። የከብት ሐኪሞች በየቆላው በየደጋው ተንከራተው መንጋውን ከተቡ። በሽታው በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየውም በፈረንጆች 1995 ነው። ሆኖም በሽታው አልታየም ማለትና የለም ማለት አንድ አይደለም። እንዲሁም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚባለው የደስታ በሽታ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ፥ ባልጠራ ምርመራ የፍየሉ ደም ሲታይ የጠፋው በሽታ ያለ ሊመስል ይችል ነበር። ሁለቱን ዘመዳሞች በእርግጥ የለየው ከአንድ ሕዋስ ዘር የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ክትባቱ ከቆመ በኋላ የተወለዱት ከብቶች ደም በዚህ ተመርምሮ የበሽታው ምልክት ስለ ታጣ፥ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከደስታ በሽታ ነጻ አገር ተብላ ታወቀች፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ክትባት በሽታውን አጠፋው፤ መጥፋቱን የመሰከረው ግን የደም ምርመራ ነው።

አሁን በፊታችን ያለው ጠላት ያ ዘመዱ፥ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። እንስሳውን ያተኩሰዋል፤ ከዐይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ያወርዳል፤ አፉን ያቆስላል፥ ያስቀምጠዋል፥ ሳንባውንም ያውካል፤ በሽታውን አይቶ በማያውቅ መንጋ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ከታመሙት እኩሌታውን፥ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን ይገድላል። የዓለም መንግሥታት በፈረንጆች 2015 በአቢጃን ተሰብስበው ይህን በሽታ እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት መክረዋል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይሠራል፤ በሚገባ የተከተበ እንስሳም ለብዙ ዓመት ይጠበቃል። የቀረው ሥራ የትኛው መንጋ እንደ ተጠበቀና የትኛው ራቁቱን እንዳለ ማወቅ ነው።

የሚታወቀውም እንዲህ ነው። 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉበት ሳህን መሠረት ላይ የበሽታው አንዱ ፕሮቲን ተጣርቶ ይለጠፋል። ይህ ፕሮቲን ከበሽተኛ እንስሳ አይወሰድም፤ መሥሪያው ትእዛዝ በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እዚያ እንዲመረት ይደረጋል። ፕሮቲኑ ብቻውን በሽታ ሊያመጣ ስለማይችል ለሠራተኛው አደጋ የለበትም። ከዚያ የበጉ ሴረም ይጨመራል፤ ቀጥሎም ቀለም እንዲያወጣ የተሰናዳው ንጹሕ ፀረ እንግዳ አካል ይገባል። ነገሩ በግብር አዳራሽ እንደሚሆነው ነው፤ ቀድሞ የገባ እንግዳ መቀመጫውን ከያዘው በኋላ የመጣው ቦታ አጥቶ ይመለሳል። በበጉ ደም ዘበኛ ካለ መቀመጫውን ይይዛል፥ ባለ ቀለሙም ታጥቦ ይወጣል፥ ጉድጓዱም ቀለም ሳያወጣ ይቀራል፤ ዘበኛ ከሌለ ግን ባለ ቀለሙ ይቀመጣል፥ ቀለሙም ይታያል። እንግዲህ በሳህኑ ያለው ፕሮቲን ወይም የሚጨመረው ፀረ እንግዳ አካል ንጹሕ ካልሆነ፥ ፍርዱ ጠማማ እንደሚሆን የተገለጠ ነው።

ይሁን እንጂ ክቡራን ሆይ፥ የምርመራው ዕቃ የቱንም ያህል ቢጠራ ሊለየው የማይችለው አንድ ነገር አለ። ዛሬ በእጃችን ያለው ክትባትና ምርመራ፥ የበጉ ደም ዘበኛ ያገኘው ከክትባት ይሁን ከበሽታ አይለይም። ይህን ሊነግር የሚችለው የወረዳው የክትባት መዝገብ ብቻ ነው። የጽሑፌም ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሹም ከበላይ የታዘዘውን ቁጥር ለመሙላት፥ በሩቅ ሸለቆ ያለውን መንጋ ሳያስከትብ ተከትቧል ብሎ ቢጽፍ፥ ከዚያ መንጋ የተቀዳው ደም ዘበኛ ሳይኖረው ይቀራል። ላቦራቶሪው ክትባቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል፤ ወራትም በከንቱ ይጠፋሉ። በዚያው መንጋ በሽታ አልፎበት ዘበኛ ቢገኝ ደግሞ ይብሳል፤ መዝገቡ ተከትቧል ስለሚል ሁሉ መልካም ነው ይባላል፤ በሽታውም ተሸሽጎ ወደ ገበያ ይወርዳል። በቅዳሜ ገበያ ከአሥር ሸለቆ የመጣ መንጋ በአንድ ሜዳ ይውላል፤ ማታም ወደ አሥሩ ሸለቆ ይበተናል። በአንድ ሐሰተኛ መስመር የሚደርሰው ጥፋት ይህን ያህል ነው። አላስከተብሁም ብሎ እውነቱን የጻፈ ሹም ሊወቀስ አይገባውም፤ ሊረዳ ይገባዋል። ቁጥር ብቻ እየጠየቁ ሐሰትን የሚያስወልዱ የበላዮችም ከወቀሳው ድርሻቸውን ይውሰዱ።

ሁለተኛው የእናንተ ድርሻ የደሙ ክብር ነው። ከበጉ አንገት ሥር የሚቀዳው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ እንስሳውንም አይጎዳውም። ነገር ግን ደሙ ከመርጋቱ በፊት በጎርበጥባጣ መንገድ ቢንገላታ፥ ወይም በፀሐይ በተቃጠለ መኪና ውስጥ ቢውል፥ ቀይ ሕዋሱ ይፈርሳል፥ ሴረሙም ይቀላል፥ ምርመራውም ይበላሻል። ስለዚህ በጥላ ቆሞ ይርጋ፤ ሴረሙ ይለይ፤ ከዚያ በበረዶ ሣጥን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይጓዝ። ከላሊበላ በጋሸና፥ በወልድያና በደሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። መኪናና በረዶ በሰዓቱ እንዲገኙ ማድረግ የከብት ሐኪሙ ሥልጣን አይደለም፤ የአስተዳዳሪው ሥልጣን ነው። በየብልቃጡም ላይ የመንደሩ፥ የባለ ከብቱና የቀኑ ምልክት ይጻፍ፤ ስም የሌለው ደም ፊርማ እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛው ነገር ባለ ከብቱን ማስተማር ነው። ደም ሊወስዱብኝ መጡ ብሎ መንጋውን ወደ ጫካ የሚያሸሽ ገበሬ አለ። እርሱን በግድ ማስያዝ መልካም አይደለም፤ ምክንያቱን ነግሮ ማስረዳት እንጂ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የምርመራውን ውጤት መልሶ መንገር ነው። ደሙን ሰጥቶ መልስ ያላገኘ ገበሬ ሁለተኛ ቢሸሽ አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ለበላይ መሥሪያ ቤቶች የምለው አለኝ። አገራችን በቢሾፍቱ ከ20 የሚበልጥ ዓይነት ክትባት ትሠራለች፤ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ትሸጣለች። የአፍሪካ ኅብረት የክትባትን ደግነት የሚያረጋግጥበት ማዕከልም እዚያው ከተማ አለ፤ በሰበታም የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለን። ሆኖም የክትባቱን ፍሬ የምንለካበት ፀረ እንግዳ አካልና የጠራው ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ ተሰናድቶ ከባሕር ማዶ በግዢ ይመጣል። ይህ እህሉን ራሱ አምርቶ ቁናውን ከጎረቤት እንደሚዋስ ገበሬ ያደርገናል። ጎረቤቱ ቁናውን ባዘገየ ቀን ገበሬው ምርቱን ሳይሰፍር ይቀራል።

ከውጭ መግዛት ይረክሳል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውም ከንቱ አይደለም። ያልጠራና በሚገባ ያልተፈተነ የአገር ውስጥ ዕቃ ከሌለ የከፋ ነው፤ የሐሰት ምስክር ስለሚሆን። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንሥራ አልልም። መጀመሪያ ከተከተቡ በጎችና ፍየሎች ሴረም ቀድቶ በማጥራት፥ በየምርመራው ለማመሳከሪያ የሚሆነውን እናሰናዳ፤ ይህንም በዓለም ከታወቀው መለኪያ ጋራ እናስተያይ። እጃችን ሲፈታ ፕሮቲኑን በሕዋስ ወደ ማምረት፥ ከዚያም ከአንድ ሕዋስ ዘር የሚገኘውን ፀረ እንግዳ አካል ወደ መሥራት እንለፍ። ይህን የተማሩ ወጣቶች ለበግና ለፍየል በሽታ ብቻ አይጠቅሙም፤ ፀረ እንግዳ አካልን የማጥራት ጥበብ ለሰው በሽታ ምርመራም ያው ነውና። የሥራውም ወጪ አንድ ወረዳ መንጋውን ሲያጣ ለእርዳታ እህል ከሚወጣው ጋራ ይመዛዘን።

በመጨረሻም ነገሩን ወደ መጀመሪያው ልመልስ። በክፉ ቀን የሞቱት አባቶቻችን ጠላታቸውን የሚያዩበት ዐይን አልነበራቸውም። እኛ ግን ዐይኑን አግኝተናል፤ ዐይኑም በአንዲት ብልቃጥ ሴረም፥ በጠራ ፀረ እንግዳ አካልና በእውነተኛ መዝገብ የተሠራ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ አያዩም። ሴረሙን ባለ ከብቱ ይሰጣል፤ ፀረ እንግዳ አካሉን ላቦራቶሪው ያጠራል፤ መዝገቡን የምታጠሩት ግን ክቡራን ሆይ፥ እናንተ ናችሁ።